ጎዶሎ ቁጥር

ከሄርማታ ዝቅ ብሎ፣ ከመፈልፈያው ቤት ጓሮ፣
ዘጠኝ አንገት ያለው ብረት ተጋድሞ ከድሮ።
ዶሮ ሰፍሮበታል፣ ዝናብ ወርዶበታል፤
የጅማ ዝናብ ነው፤ ድንጋይም ቢያገኝ ሣር ይዘራበታል።
ታርጋው ላይ የፈረንሳይ ፊደል፤ ግማሹን ዝገት በላው፣
የተረፈውን ሙዘይን በጥፍሩ እየፋቀ አወጣው።

ሙዘይን አባ ፊጣ፣ የመፈልፈያው መካኒክ ነው፤
ሞተር ሲታመም በጆሮው እንጂ በቁልፍ አይነካው።
እኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ ቁልፍ አቀባዩ፣
አሥራ ሰባት ሲለኝ አሥራ ዘጠኝ፣ ልቤ ከላይ ከሰማዩ።

«ቦዬ ረግረጉ ላይ የወደቀ አውሮፕላን ልብ ነው» ይላሉ፤
«የለም፣ አንድ ግሪክ ነጋዴ ለዕዳ የሰጠው» የሚሉም አሉ።
ሙዘይን ግን፦ «ከየት እንደመጣ አትጠይቁት፤
ምን እንደጎደለው ጠይቁት።»

አብሮት የተገኘ መጽሐፍ አለ፤ ሲገለጥ ዘይት ይሸታል፤
የሚሲዮኑ አባ ቶማ መነጽር አውልቀው ጠርገው ይተረጉሙታል።
እሳቸው ቃሉን ያውቃሉ፣ ብረቱን አያውቁም፤
እሱ ብረቱን ያውቃል፣ ቃሉን ግን አያውቅም።
«መጀመሪያ ሰባት ነበሩ» አሉ፣ «ጉልበቱ አነሰና
ዘጠኝ አደረጉት፤ ፈነዳ፤ አቅልጠው ሠሩት እንደገና፤
ቀጥሎ ሰባት በሰባት፣ አንዱ ረድፍ ከአንዱ ኋላ፤
የኋለኛው ተቃጠለ፣ የፊቱ ነፋሱን ስለበላ።»
ሙዘይን ሳቀ። «ይኼማ የእኛ ቤት ነው» አለ፣
«ታላቅ በር ላይ ቆሞ፣ ታናሽ ከጓዳ ታፍኖ የዋለ።»

«ለምን ዘጠኝ? ስምንት ቢሆን፣ አሥር ቢሆን ምናለ?» አልኩት።
መሬቱን በሚስማር ጫረ፤ ክብ፣ ዙሪያውን ነጥብ። ጎንበስ ብዬ አየሁት።
«አንድ፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት፣ ዘጠኝ፤
ሁለት፣ አራት፣ ስድስት፣ ስምንት።
እሳቱ ጎረቤቱን ይዘላል፣ አንዱን እየሰጠ አንዱን እየነሳ፤
በሁለተኛው ዙር የተዘለለውን ያዳርሳል፣ ማንንም ሳይረሳ።
ስምንት ቢሆን ኖሮ፣ ሙሉ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ፣
አራቱ ሲበሉ፣ አራቱ ዕድሜ ልካቸውን ጦም ባደሩ።
ጎዶሎ ነው የሚያዳርስ።»

ግን አውሮፕላን የለ፣ ነፋስ የለ፤ ብረት ቆሞ ይቃጠላል፤
«ነፋሱን ራሱ ያምጣ» ብሎ ላከኝ፤ «ከሊፋ ያውቃል።»
ከሊፋ በርጩማ ጠራቢ፤ ሦስት እግር ሲያቆም የከረመ፣
(ሦስትም ጎዶሎ ነው፤ ወለሉ ቢጎረብጥ ቀጥ ብሎ የቆመ፣)
ከዋንዛ ግንድ ሁለት ክንፍ አወጣ፣ ጠመዝማዛ፤
«ማን ሊቀመጥበት?» ቢል፣ «ነፋስ» አልኩት፤ ሳቀና በቅባት አወዛ።

ሌሊት ዘይቱ ወደ ታችኞቹ ይወርዳል፤
ሳያስለቅቁ ቢያስነሱት አጥንቱ ይሰበራል።
በእጁ አዞረው፣ ቀስ እያለ፣ እንደ በሽተኛ፣
«ደህና አደርክ» እያለ ለእያንዳንዱ፣ እስከ ዘጠነኛ።

አንዴ ሳለ።
ሁለቴ ሳለ።
ከዚያ የአንድ ወር የቡና ገለባ ተነሥቶ ሄርማታን ዋጠ፤
ዶሮዎቹ ከእኛ ቀድመው በረሩ፣ የጎረቤት ስጥ ተገለበጠ፤
የመፈልፈያው ጌታ እየጮኹ መጡ፤ አፋቸው ይከፈታል፣ ድምፅ የለም፤
እኔም ጮኼአለሁ፤ ምን ብዬ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አሥራ አንድ ደቂቃ።
ከዚያ አራተኛው ነጭ ጢስ ተፋ።
ክንፉ ቆመ፣ በዝግታ፣ እንደሚያስብ ሰው።
ሙዘይን አላዘነም። ጆሮውን ከትኩሱ ብረት ሊያስጠጋ ከጀለ፤
«ፓሪስም እንዲህ ነው የሠሩት» አለ፣ «እየተቃጠለ።»

ብረቱን በኋላ ቆራሌው ወሰደው፣ በኪሎ።
ክንፉ ከሊፋ ደጅ አግዳሚ ሆኗል፤ ሽማግሌ ይቀመጥበታል፤
ጠመዝማዛ ነውና፣ ወሬ ሲይዙ፣ ሳያውቁት ያንሸራትታቸዋል።
እኔ አሁን አስተምራለሁ፤ ተማሪ ሰሌዳዬን ይገለብጣል፤
አውሮፕላን ሊያርፍ ዝቅ ሲል መስኮታችን ይንቀጠቀጣል፤
ማንም ቀና አይልም።
የእኔ ከንፈር ግን ይቆጥራል፦ አንድ፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት፣ ዘጠኝ፣ ሁለት...
አራት ላይ ስደርስ ጠመኔው እጄ ላይ ይሞቃል።
አቆማለሁ።
እንደገና።